ንግግሩም የእኔ፣ ምላሹም የእኔ

በግቢያችን መካከል የቆመው ቧንቧ ያፏጫል። ጠዋት ጠዋት እከፍተዋለሁ። መጀመሪያ እንደ ጉንፋናም ሰው ጉሮሮውን ይጠራርጋል፤ ቀጥሎ ቀጭን ፉጨት ያሰማል፤ ከዚያ ዝም። አንዲት ጠብታ አይወጣውም። ጉሮሮውን ጠርጎ፣ አፉን ከፍቶ፣ ነፋስ ለቅቆ የሚዘጋ ነገር ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ራሴ ነኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖርሁበት ሥራ ይኸው ነበርና።

ንግግር ጸሐፊ ነበርሁ። የራሴን ንግግር አይደለም፤ የአለቆችን። ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት፣ ሕዝብ ግንኙነት ከሚባል ክፍል ተቀምጬ ለሚመጣውም ለሚሄደውም ኃላፊ ቃል ስቀምም ኖርሁ። ኃላፊዎች ተቀያየሩ፤ መንግሥትም ተቀየረ፤ እኔና ወንበሬ ብቻ አልተቀየርንም። ኧረ ወንበሬስ አንድ ጊዜ እግሩ ተሰብሮ ተቀይሯል። እኔ ነኝ የቀረሁት።

አባቴ ጣና ላይ ካሉት ገዳማት በአንዱ ቅኔ ያስተምሩ ነበር። እኔንም ጉባኤ አስገብተውኝ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሞክረውኝ ካበቁ በኋላ ግን «ልጄ፣ ቃሉስ ይመጣልሃል፤ የምትለው ነው የሌለህ» ብለው አሰናበቱኝ። በዚህ ምስክርነት መንግሥት ቢቀጥረኝ ምን ይደንቃል።

ቃሎቼን እንደ ሠርግ ድንኳን ከቦታ ቦታ እያዞርሁ እተክላቸው ነበር። «ያላሰለሰ ጥረት» ሰኞ ለትምህርት፣ ረቡዕ ለጤና፣ ዓርብ ደግሞ ለእንቦጭ ዘመቻ ትቆማለች። «ከመቼውም ጊዜ በላይ»ን ከአፌ ስለማትጠፋ ቤቴም ይዣት እገባ ነበር። ከሁሉም አብልጬ የምወዳት ግን «በቅርብ ጊዜ ውስጥ» የምትለዋን ነው። ቀን የላትም፤ ስለዚህ አታረፍድም። ተናጋሪው ተስፋ ሰጠ ይባላል፤ ሰሚው ተስፋውን ይዞ ይሄዳል፤ እኔ ቤቴ ገብቼ እተኛለሁ። በዚህ ማን ተጎዳ? እል ነበር።

የተጎዳችው ልጄ ሆና እስካያት ድረስ።

ሚስቴ ካረፈች በኋላ ልጄ ሹም አቦ ከነበረው ኪራይ ቤቴ ነቅላ፣ ከባሏ ጋር ከከተማው ዳር፣ ዘንዘልማ ወደሠሩት አዲስ ቤት አመጣችኝ። እሷ ኮሌጅ ታስተምራለች፤ ባሏ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራል። ትናንት በቆሎና ዳጉሳ ይዘራበት የነበረው መሬት ዛሬ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ሆኗል። ቤቱ ሁሉ ነገር አለው፤ ሰፊ በረንዳ፣ የመስታወት በር፣ ከነቆጣሪው የተተከለ ቧንቧ። የሌለው ውኃ ብቻ ነው። ባጃጅ ተሳፍሮ ትንሽ ወረድ ላለ ሰው ጣና እስከ አድማስ ተንጣልሎ ይታየዋል። እኛ ግን ቢጫ ጀሪካን ይዘን ከታች ካለው የእጅ ፓምፕ እንሰለፋለን።

«እንሰለፋለን» አልሁ እንዴ? የምትሰለፈው ልጄ ናት። ባሏ ፈረቃው ሲፈቅድለት ይቀዳል፤ ሳይፈቅድለት ሲቀር እሷ ትሄዳለች። እኔ ቡአ ተቀድጄ «ከባድ ነገር እንዳታነሣ» ተብያለሁ። በዕድሜዬ ያነሣሁት ከባድ ነገር ቃል ብቻ ስለነበረ ትእዛዙን ማክበር አልከበደኝም።

ክረምቱ እንደወጣ ልጄን ወገቧን ያዛት። ሐኪሙ «ዲስክ ነው፤ ጀሪካን ማንሣት ካላቆምሽ ወደ ቀዶ ሕክምና ትሄጃለሽ» አላት። ባልና ሚስት ተቀምጠው መከሩ። ውኃው እስከ ፋሲካ የሚደርስ ከሆነ እንደ ምንም መታገሥ፤ የማይደርስ ከሆነ ግን ወገቧ ሳይቆረጥ ቤቱን ትቶ ውኃ ወዳለበት ሹም አቦ፣ ወደ ኪራይ መመለስ። ነገሩ ሁሉ አንድ ቀን ማወቅ ላይ ተንጠለጠለ። ቀኑን የሚነግራቸው ሰው ግን ጠፋ። የጠየቁት ሁሉ «በቅርብ ጊዜ ውስጥ» ይላቸዋል።

እዚህ ላይ ለልጄ ያልነገርኋት ነገር ነበረ። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ጡረታ ከመውጣቴ በፊት የጻፍሁት የመጨረሻ ንግግር የዚህ ቧንቧ ንግግር ነው። ያን ጊዜ የነበሩት ኃላፊ አንደበታቸው ቅቤ ነበር፤ የስልክ ማውጫ ቢያነቡ ሰው ያስለቅሳሉ። ቧንቧው ሲቀበር ተነሥተው «ቧንቧው መሬት ገብቷል፤ ውኃውም በቅርብ ጊዜ ውስጥ ደጃችሁን ያንኳኳል» ሲሉ የተሰበሰበው ሰው ቆሞ አጨበጨበ። «ያንኳኳል» የምትለዋን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጅቶብኝ ነበር። ከኋላ ቆሜ፣ በገዛ ቃሌ፣ ዕንባዬ መጣ።

ልጄና ባሏ የዚህን ቤት መሠረት ያወጡት ያንን ንግግር በስልክ አይተው ነው። ቪዲዮው አሁንም አላት። ጀሪካኗን ጎትታ ስትገባ፣ አንዳንድ ቀን፣ ወገቧን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ትከፍተዋለች።

«ስሙ እንጂ አባባ፣ ያንኳኳል አሉ።»

«እኔ በሩ ላይ ማንንም አልሰማሁም» እላታለሁ።

«ጆሮዎ ደክሞ ይሆናላ።»

«የእኔስ ጆሮ ነው፤ የእሳቸው ምላስ መቼ ይሆን የሚደክመው።»

እንዲህ እያልሁ ከእሷ ጋር ሆኜ የራሴን ጽሑፍ አማዋለሁ። ሰው ራሱን ሲያማ ኃጢአት ይሁን አይሁን ጎረቤታችንን መሪጌታን ለመጠየቅ አስቤ፣ መልሱን ፈርቼ ተውሁት።

በዚህ መካከል ለክፍለ ከተማው አዲስ ኃላፊ ተሾመ። ዱርቤቴ አካባቢ ተወልዶ ያደገ፣ በእርሻ ባለሙያነት ሲዞር የኖረ፣ አርባ ዓመት የሞላው ሰው ነው። ከሁሉ በፊት ወሬው ደረሰን፤ «አፍ የለውም» ተባለ። ስብሰባ ላይ ተጠይቆ «እንጃ፣ አጣርቼ ልምጣ» አለ ብለው ሳቁበት። እኔም ሳቅሁ። በእኔ ዘመን «እንጃ» ያለ ኃላፊ አይቼ አላውቅም፤ «እንጃ» ለማለት የሚፈልግ ሲመጣ «ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው» ብዬ ነበር የምጽፍለት።

ይኸው ኃላፊ በውኃው ጉዳይ ነዋሪውን ሊያነጋግር ስብሰባ ጠራ። የሰፈሩ ኮሚቴ ተሰብስቦ የነዋሪው ተወካይ ሆኜ ምላሽ እንድሰጥ መረጠኝ። በእኛ ዘንድ ስብሰባ ሥርዓት አለው፤ ኃላፊው ይናገራል፣ ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ የምስጋና ምላሽ ይሰጣል። ምላሹ ንግግሩ ከመሰማቱ ከሳምንት በፊት ተጽፎ እንደሚያልቅ ሁሉም ያውቃል፤ ማንንም አይገርመውም።

በተመረጥሁ በሁለተኛው ቀን ከኃላፊው መሥሪያ ቤት አንድ ሰው መጣ። «ጋሼ፣ አዲሱ ኃላፊያችን ንግግር የለመዱ አይደሉም። የድሮ እጅዎን ቢያበድሩን» አለኝ።

«እኔ እኮ በወዲያኛው ወገን ነኝ፤ ምላሽ ሰጪ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። «እሺ» አልሁ። ምንም አልከፈሉኝም፤ የከፈሉኝ «ጋሼ፣ ያለ እርስዎ አይሆንም» የምትለዋን ብቻ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ እኔ ሲሆን አይቼ ተከፍቼ ነበር።

እንግዲህ አስቡት። ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ወረቀት ተዘረጋ፤ በቀኝ የኃላፊው ንግግር፣ በግራ የእኔ ምላሽ። በቀኝ «ውኃው በቅርብ ጊዜ ውስጥ» ብዬ እጽፍና፣ ወደ ግራ ዞሬ «ከአንደበትዎ የሰማነው ብሥራት» ብዬ አመሰግናለሁ። ራሴን አበሥራለሁ፤ ራሴን አመሰግናለሁ። ሁለቱን እንደ በርና መቃን አገጣጠምኋቸው። አንዱ ቢጎድል ሌላው እንደማይዘጋ ያን ጊዜ አልታየኝም።

ልጄ የምላሹን ወረቀት ብቻ አየች። ስለ ሌላኛው አልነገርኋትም።

«አባባ፣ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁልኝ። ቀኑን። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ጠይቄአለሁ። ይኸው፣ ‹ነዋሪው የአገልግሎቱን የጊዜ ሰሌዳ በታላቅ ጉጉት ይጠባበቃል›።»

«ይህ ጥያቄ ነው?»

«ጨዋ ልብስ የለበሰ ጥያቄ ነው።»

ደግማ አነበበችው። «ከልብሱ ውስጥ ሰው የለም እኮ፣ አባባ» አለችኝና ወረቀቱን አስቀመጠች።

ስብሰባው ሁለት ቀን ሲቀረው ኃላፊው ራሱ መጣ። ልጄ ሥራ ላይ ነበረች። መኪና እጠብቅ ነበር፤ ከባጃጅ ወረደ። እኔ ሥልጣን ላይ ያለን ሰው፣ ጡት ሲጠባ ባውቀው እንኳ፣ አንቱ ነው የምለው። ተነሥቼ ወንበር ልስብ ስል ትከሻዬን ይዞ አስቀመጠኝ።

ወረቀቱን ተቀብሎ ማንበብ ጀመረ። ጣቱን ከመሥመር መሥመር እያስከተለ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው። መሐል ላይ ጣቱ ቆመ።

«ጋሼ፣ ይህ ‹በቅርብ ጊዜ ውስጥ› የሚለው መቼ ነው?»

«ጌታዬ፣ እሱ ቀን አይደለም። አየር ነው፤ ስሜት የሚሰጥ።»

«እኛ አገር ድግስ በቅርብ ጊዜ ውስጥ ነው አይባልም። ጠላው የሚጠመቀው ቀኑ ሲታወቅ ነው። ቀኑ ካልታወቀ ወይ ይቀጥናል ወይ ይሆመጥጣል።»

«ሕዝብ ጠላ አይደለም፣ ጌታዬ። ሕዝብ ይታገሣል።»

እንዲህ ብዬ መለስሁለት። በዚያ ቤት፣ በዚያ በረንዳ፣ የልጄ ጀሪካኖች ከኋላዬ ተደርድረው። አሁን ሳስበው ያን ጊዜ ምላሴን የሚነድፈኝ ንብ ቢገኝ ኖሮ ቀፎ ገዝቼ አኖረው ነበር።

ከዚያ ደግሞ ላሠለጥነው ተነሣሁ። የት ድምፅ ከፍ እንደሚል፣ የት ዝም ብሎ ጭብጨባ እንደሚጠበቅ አሳየሁት። «‹ያንኳኳል› ሲሉ እጅዎን እንዲህ ያድርጉ» ብዬ በአየሩ ላይ በር አንኳኳሁለት። ቃሏን ከሦስት ዓመት በፊት ከጻፍሁት ላይ መልሼ አምጥቻት ነበር፤ ጥሩ ቃል ደግሞ አይጣልም። ሰውየው እጁን ሊያነሣ ሞከረ፤ ዝንብ የሚያባርር መሰለ።

«አይሆንልኝም፣ ጋሼ።»

«ይለመዳል።»

ሊሄድ ሲነሣ ቧንቧውን አየውና ጠጋ ብሎ ከፈተው። ቧንቧው ጉሮሮውን ጠረገ፤ አፏጨ፤ ዝም አለ። ኃላፊው ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ጣል አደረገበት። መልሶ ዘጋውና «ማጠራቀሚያው የት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ በእጄ ወደ ኮረብታው አመለከትሁት። ስለዚያ ማጠራቀሚያ ሦስት ገጽ ጽፌአለሁ፤ ሄጄ አይቼው ግን አላውቅም።

ስብሰባው ሐይቁ ዳር ካለ አንድ አዳራሽ ነበር። እንደ ደረስሁ ክንዴን ይዘው ከፊት ረድፍ፣ ለሽማግሌዎች ከተለየው ቦታ አስቀመጡኝ፤ በቀኜ መሪጌታ፣ በግራዬ የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ከፊቴ ካሜራ። ልጄ ከጎን በኩል፣ ወገቧ ላይ ትራስ አድርጋ ተቀምጣለች። በመስኮቱ ጣና ይታያል፤ በእያንዳንዳችን ፊት ደግሞ የታሸገ ውኃ ተደርድሯል። ስለ ውኃ ማጣት ልንወያይ ውኃ ጠጡ ተባልን። እኔም የተጠማ ሕዝብ ተወካይ ነኝና ጠርሙሱን ጨረስሁት፤ የመሪጌታንም ደገምሁ። ፕሮስቴት ያለበት ሽማግሌ ከፊት ረድፍ ተቀምጦ ሁለት ጠርሙስ ውኃ መጠጣቱ፣ ወደ ጉድጓድ በራሱ እግር መግባቱ ነው።

ስብሰባው ዘገየ። ጸሎት፣ መግቢያ፣ የእንግዶች ማስተዋወቂያ። መነሣት አልችልም፤ ከተነሣሁ ካሜራው አለ። ተቁነጠነጥሁ።

«ምን ሆነሃል?» አሉኝ መሪጌታ በሹክሹክታ።

«ንግግሩን ጓጉቼ ነው።»

«ጉጉት እግር አያስቆላልፍም።»

በመጨረሻ ኃላፊው ተነሣ። መነጽሩን አደረገ። ወረቀቴን ማንበብ ጀመረ፤ እንዴት አድርጎ አነበበው! እንደ ተጫነች አህያ በየቃሉ ይቆማል። «ያላሰለሰ ጥረት» ላይ ተደናቀፈ፤ «ከመቼውም ጊዜ በላይ»ን ሁለቴ አነበባት። እኔ ከታች ሆኜ ከንፈሬን እያንቀሳቀስሁ እረዳዋለሁ። ወደ ቧንቧው ደረሰ። «ውኃውም…» አለ። ቆመ። ጭብጨባ የሚጠብቅ መስሎኝ ላጨበጭብለት እጄን አነሣሁ።

መነጽሩን አወለቀ። ወረቀቱን ለሁለት አጠፈው፤ ለአራት አጠፈው፤ ኪሱ ከተተው።

«ይህን አላነብበውም» አለ። «የጻፉት ሰው አዋቂ ናቸው፤ ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም። እኔ ትናንት ማጠራቀሚያው ድረስ ወጥቼ ነበር። ክዳኑን ከፍቼ ገባሁ። ውስጡ ደረቅ ነው፤ በአየር ማስገቢያው ገብቶ እርግብ ጎጆ ሠርቶበታል። ውኃውን ወደዚያ የሚገፋው ፓምፕ አልተገዛም። መቼ እንደሚገዛ ጠየቅሁ፤ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ስለዚህ ውኃው ዘንድሮ አይመጣም። ለከርሞም ብምል ውሸቴን ነው። በእኔ ቃል ተማምኖ ጀሪካን ሲሸከም የሚከርም ሰው እንዳይኖር ብዬ ነው የምነግራችሁ።»

ያጨበጨበ የለም። ከዚያ አንዲት ሴት ከኋላ ተነሣች።

«ታዲያ አንተ ምን ልትሠራልን ተሾምህ?»

«እሱን ገና እያየሁት ነው፣ እቴ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ማክሰኞ ሰፈራችሁ መጥቼ የደረስሁበትን እነግራችኋለሁ። ያልደረስሁ እንደሆነም አልደረስሁም እላለሁ።»

ሌላው «ይህንንማ እኛም እናውቀዋለን» ብሎ አጉረመረመ። ኃላፊው «እኔ ግን ትናንት ነው ያወቅሁት» ብሎ ተቀመጠ።

እኔ በዚህ ሁሉ መሐል የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ ግራ ኪሴ ውስጥ ያለውን ወረቀት። መድረክ መሪው ደግሞ፣ ሰው አልሰማ፣ ነገር አላየ፣ ፕሮግራሙን ብቻ የሚያይ፣ ብድግ አለና፦ «በመቀጠል የነዋሪዎቹ ተወካይ የምስጋና ምላሻቸውን ያቀርባሉ» አለ።

ወጣሁ። ምን ላድርግ። ፊቴ ካሜራ፣ ኋላዬ ኃላፊ፣ ከሆዴ ሥር ሁለት ጠርሙስ። እጄ ከልማዱ ወረቀቱን አወጣ፤ አፌም ከልማዱ አነበበ።

«ክቡርነትዎ፣ ዛሬ ከአንደበትዎ የሰማነው ብሥራት የዘመናት ጥማችንን ቆርጦልናል።»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ያቺ ሴት እንኳ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትንፈቀፈቃለች። ወረቀቱን ጣልሁትና ከራሴ ልናገር አሰብሁ። አፌን ከፈትሁ። የመጣልኝ «ያላሰለሰ» ነው። ዋጥሁት። ቀጥሎ «ከመቼውም» መጣ። እሱንም ዋጥሁ። ሠላሳ ዓመት ለሌላ ሰው አፍ ስጽፍ የራሴን አፍ ምን እንዳበላሁት አላውቅም፤ ባዶ ነበር። አባቴ ያኔ ያሉኝ ነገር በዚያ መድረክ ላይ ፊቴ ቆመ። ልጄን አየኋት። አትስቅም። ትራሷን ይዛ ታየኛለች። ቀኑን እንድጠይቅላት ነበር የላከችኝ፤ ሰውየው ሳይጠየቅ መልሶላታል፤ እኔ ደግሞ እሱን ላመሰግንበት የምችል አንድ ቃል አጣሁ።

በመጨረሻ ከአንጀቴ የወጣው ይህ ነበር፦

«ይቅርታ አድርጉልኝ። ሽንቴ መጥቷል።»

እንደዚያ ቀን ተጨብጭቦልኝ አያውቅም። እየተደገፍሁ ስወርድ መሪጌታ በረድፉ ሁሉ እንዲሰማ አድርገው «ተመስገን፣ ውኃው ቢያንስ በአንተ በኩል ደርሷል» አሉ።

ከአዳራሹ ጀርባ፣ ከመጸዳጃው በር ላይ፣ አንድ በርሜልና ጆግ ነበር። እጄን ልታጠብ ስል ጆጉን ሌላ እጅ ቀድሞኝ አነሣው። ኃላፊው ነው። ዝቅ ብሎ አስታጠበኝ።

«ጋሼ፣ ተቀየሙኝ?»

«ጽሑፌን በአደባባይ አጥፈው ከኪስዎ ከተቱት፣ ጌታዬ። እኔ የጠላቴን እንኳ ሳላጥፍ አነብብለታለሁ።»

«አፌ አልሄድ አለኝ። እርግቡን ካየሁ በኋላ አልሄድ አለኝ።» ውኃውን በቀስታ፣ እንዳይባክን፣ ያንጠባጥብልኛል። «ደጃቸውን ያንኳኳል ብዬ፣ ከዚያ በየደጃቸው ሳልፍ ፊታቸውን በምን ዓይን አያለሁ?»

እኔ ሰፈሩ ከገባሁ ጀምሮ በየደጃቸው አልፋለሁ። ይህን አልነገርሁትም።

ስንመለስ ልጄና እኔ ባጃጅ ያዝን። በየጉድጓዱ ባጃጁ ሲነጥር ወገቧን በእጇ ትይዛለች። ከዚህ በላይ መሸከም ያቃተኝ እዚያ ላይ ነው።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አልኋት። «ያንን የቪዲዮውን ንግግር፣ ያንኳኳል ያሉትን፣ የጻፍሁት እኔ ነኝ። የዛሬውንም።»

መንገዱን እያየች «አውቃለሁ» አለችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«መጀመሪያ ያየነው ቀን። ቤት ውስጥ ጨው ሲያልቅ ‹ከመቼውም ጊዜ በላይ ጨው ያስፈልገናል› የሚል ሌላ ሰው አላውቅማ።»

«አውቀሽ ታዲያ ለምን መሠረት አወጣሽ?»

«አባቴ የጻፈው ነው ብዬ ነዋ።»

ሰፈራችን ደርሰን ስንወርድ፣ እኔን ደግፋ እያወረደችኝ፣ እሷ እኔን፣ «እንግዲህ ሰውየው ቀኑን ነግሮናል። እኛ ሹም አቦ እንገባለን። ቤት ያለ ሰው ይፈርሳል፤ ጠባቂ ያስፈልገዋል» አለች። ጠባቂው ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ፍርዱ ትክክል ነበር።

ይኸው ወር አለፈ። ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ፤ እኔ ራሴ በጻፍሁት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተዘግቼ ተቀምጫለሁ። በሳምንት ሁለት ጀሪካን በባጃጅ ይልኩልኛል፤ ባጃጅ ነጂው አውርዶልኝ ይሄዳል። ፊቴን በአንድ ኩባያ እታጠባለሁ። ባዶው ቤት ስናገር ያስተጋባል፤ ስለዚህ ብዙ አልናገርም። ጎረቤቶች በአጥሩ ላይ ሆነው «ጋሼ፣ ምን ሰሙ?» ይሉኛል። መጀመሪያ ሰሞን «በቅርብ ጊ…» ብዬ እጀምርና እውጠው ነበር። አሁን «እንጃ» እላለሁ። ቀላል ቃል ይመስላል፤ ከጥርሴ ለማውጣት የፈጀብኝን ጊዜ ግን «ያንኳኳል» እንኳ አልፈጀብኝም።

ኃላፊው በማክሰኞው ይመጣል። ባለፈው ጊዜ ከሰፈሩ ዋርካ ሥር ቆሞ «አዲስ ነገር የለኝም» አለና በባጃጁ ተመለሰ። ሰው እየቀነሰ ነው፤ ቢሆንም ይመጣል። እውነት ቧንቧ አይሞላም፤ ይህን አውቃለሁ። ሹም አቦ ያለች አንዲት ወገብ ግን ከጀሪካን ያዳናት እሱ ነው፤ የእኔ ሠላሳ ዓመት አይደለም።

ሰሞኑን ደግሞ ሌላ ባለሥልጣን መኪናውን ደጄ አቁሞ ገባ። የዚያ የሐይቁ ዳር ስብሰባ ወሬ ደርሶታል።

«ጋሼ፣ እንደዚያ ዓይነት ጻፉልኝ። ሸካራ ይሁን። መሐል ላይ ‹ይህን አላነብበውም› ብዬ ወረቀቱን የማጥፍበት ቦታ ይኑረው።»

«ካጠፉት በኋላስ ምን ይላሉ?»

«እሱንም እርስዎ ይጻፉልኝ እንጂ።»

እጄ ምን ያህል እንደበላኝ አልደብቅም። እዚያው እንደተቀመጥሁ የሚታጠፍበት መሥመር እንኳ በሐሳቤ መጥቶልኝ ነበር፤ አምሮ ነበር። ለጊዜው ግን «አልችልም» አልሁት።

«ለምን?»

«ለእሱ መጀመሪያ ኮረብታው ላይ መውጣት ያስፈልጋል። የእኔ ጉልበት አይችልም፤ የእርስዎን እንጃ።»

ቧንቧውን ሳይከፍት ሄደ።

ልጄ ማታ ማታ ትደውላለች። «ውኃው መጣ?» ትለኛለች። «አልመጣም» እላታለሁ። በዚህ ተለማምደናል። ትናንት እኔ ደግሞ ጠየቅኋት።

«ወገብሽስ?»

«በቅርብ ጊዜ ውስጥ ይድናል፣ አባባ።»

ትቀልድብኝ ይሁን ትደብቀኝ ይሁን መለየት አቃተኝ። ቃሏ የእኔ ናት፤ ውስጧ ምን እንደሌለ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

«ቀኑን ንገሪኝ» አልኋት።

በስልኩ ውስጥ፣ ከኋላዋ፣ ከቧንቧ ባልዲ ሲሞላ ይሰማኝ ነበር።